ከጅቡ ተረት እስከ ጉዱ ካሣ

(ታሪክ መጻፍ ለሚጀምሩ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ልብ ወለድ ስንጽፍ በታሪኩ ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ከየት እንደምናመጣቸው ነው። ልብ ወለድ ማለት ስሙ እንደሚነግረን ከልብ የተወለደ ታሪክ ማለት ነው። በውስጡ የሚመላለሱት ሰዎች ገጸ ባሕርያት ይባላሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው በመጀመሪያ ስሙን ይጽፋል። ቀጥሎ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማመልከቻም ገንዘብ ከፍሎ ማስጻፍ ይቀርለታል። ከዚያ በኋላ ግን እጁ አርፎ አይቀመጥም። የሰማውን ተረት፣ ያሰበውን ታሪክ በወረቀት ላይ ማስፈር ያምረዋል። ስለሆነም ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ነው።

እኛ ዘማቾቹ ልናስረዳችሁ የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ሁላችንም የምናውቃቸው የተረት ሰዎች ለጸሐፊ ጥሩ መነሻ ናቸው። መድረሻ ካደረግናቸው ግን ታሪኩ ይደርቃል፤ ከታሪኩም አልፎ በሕይወት ያለ ሰው ይጎዳል። እንዴት ነው ታሪክ ሰው የሚጎዳው? ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ሁላችን የምናውቃቸው

ከጅቡ እንጀምር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። እስቲ ልብ በሉ፤ ይኸ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ሙሉ ሰው አለበት። ከአገሩ የራቀ ነው፤ ክብር ይወዳል፤ እንደ ትልቅ እንግዳ ቁርበት እንዲነጠፍለት ይፈልጋል። ቁርበቱን የሚበላው ደግሞ እርሱ ራሱ ነው! ይኸን ተረት ለአሥር ሰው ብትነግሩ አሥሩም ይስቃሉ፤ አሥሩም በልባቸው አንድ የሚያውቁት ሰው ይመጣባቸዋል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ደግሞ ያው ጅብ በሌላ ጎኑ ይታየናል፤ ስግብግብነቱ ዓይኑን ጋርዶት ሥጋውን ትቶ ቀንድ ሲነክስ።

ጦጣም እንዲሁ ናት። ትንሽ ናት፣ ጉልበት የላትም፣ ብልኀት ግን አላት። አንበሳው ኃይለኛ ነው፤ ኃይለኛ ስለሆነም ይታለላል። አህያ ይለፋል፤ ምስጋና አያገኝም። ከእንስሳቱ ወደ ሰዎቹ ስንመጣ ክፉዋ የእንጀራ እናት አለች፤ የተናቀው ታናሽ ወንድም አለ፤ ንፉጉ ባለጸጋ አለ፤ እውነቱን የሚናገር እብድ አለ። የማንም ስም ሳይጠራ ሁሉም ይታወቃሉ።

እነዚህን በየተረቱ የሚመላለሱ መልኮች የውጭ ምሁራን አርኬታይፕ ይሏቸዋል። እኛ ለዛሬው «ጥንተ አምሳል» እንበላቸው፤ ባጭሩ አምሳል። ካርል ዩንግ የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም እንዲህ ያሉ አምሳሎች የሰው ልጅ ሁሉ በልቡ ይዟቸው የሚወለዳቸው ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ቭላድሚር ፕሮፕ የተባለው የሩሲያ ምሁር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ መቶ ያህል የአገሩን ተረቶች መረመረ። በተረቶቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች በስም ይለያያሉ፤ በሥራቸው ሲታዩ ግን ሰባት ዓይነት ብቻ ናቸው አለ። እነርሱም ጀግናው፣ ክፉው፣ ስጦታ ሰጪው፣ ረዳቱ፣ የምትፈለገው ልጅ ከነአባቷ፣ ጀግናውን ለጉዳይ የሚልከው፣ እንዲሁም ጀግና ሳይሆን ጀግና ነኝ ባዩ ናቸው። ይኸ የመጨረሻው ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለውን የኛን ጅብ አይመስልም?

ተረት ለምን አምሳል ይወዳል?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተረት የሚኖረው በአፍ ነው። እሳት ዳር ተቀምጣ የምትተርክ አያት ወረቀት የላትም። ከእናቷ የሰማችውን ለልጅ ልጇ ትነግራለች፤ ልጅቱም ለራሷ ልጆች ትነግራለች። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ጥቃቅኑ ነገር ይንጠባጠባል፤ በቀዳዳ ስልቻ እንደተጫነ እህል ማለት ነው። ሰውየው ምን ዓይነት ጋቢ ለብሶ ነበር? ከሚስቱ ጋር ለምን ተጣላ? ሌሊት ምን ያስፈራው ነበር? ይኸ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። የማይወድቀው ትልቁ ነው፤ ስግብግብነቱ፣ ብልኀቱ፣ ትዕቢቱ። አምሳል ማለት እንግዲህ ከብዙ አፍ አልፎ ሳይጠፋ የቀረው ነው።

ጽሕፈት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተጻፈ ነገር አይንጠባጠብም። አንባቢ የረሳውን ወደ ኋላ ገልጦ ያየዋል። ስለዚህ አያታችን ልትይዘው ያልቻለችውን ጥቃቅን ነገር እናንተ ልትይዙት ትችላላችሁ። ብዕር ጨብጦ ጅቡን እንደ ጅብ ብቻ የሚጽፍ ሰው ትልቅ ጎተራ ሠርቶ አንዲት እፍኝ እህል እንዳስቀመጠ ይቆጠራል።

በሸማኔ ሥራ ብንመስለው ይበልጥ ይገባናል። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል። ድር ከድር ብዙ አይለይም። ከዚያ በመወርወሪያው ማጉን እያመላለሰ ይሸምናል፤ ዳሩ ላይም ጥለቱን ያወጣል። ነጠላውን የእገሌ ነጠላ የሚያሰኘው ጥለቱ ነው። አምሳል ድር ነው። ያለ ድር መሸመን አይቻልም። ድር ብቻውን ግን አይለበስም።

አምሳሉ የዋጣቸው ሊቅ

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ማን አለ? ገና ስማቸው ሲጠራ ሳቅ ይቀድማል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩ የጎንደር ሊቅ ነበሩ። እስቲ የሚያውቁትን ንገሩን ብንላችሁ ሁላችሁም ቀልድ ትነግሩናላችሁ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን የአቋቋም ስልት የፈጠሩ ሰው መሆናቸውን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። እንዴት ሆነ ይኸ?

እርሳቸው ቀልደኛ ነበሩ፤ ሕዝቡም ከጦጣይቱ አምሳል ጋር አስማማቸው። ትንሽ ሆኖ ትልቁን በቃል የሚጥል፣ ከሹም ፊት የማይፈራ ሰው ሆኑ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ደጅ ተሰደደ። ያሉትም ያላሉትም የእርሳቸው ሆነ። ቀልዱ በዛ፤ ሊቁ ሰውዬ ጠፉ። አምሳል ሲወፍር ሰውን ይውጣል የምንለው ይኸን ነው። በርግጥ የአለቃ ስም በፍቅር ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቀላል ነው። ሌሎችን ግን የዋጣቸው በጥላቻ ነው።

ታሪክ ሰው ሲጎዳ

ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራ፣ ጭቃ ጠፍጥፋ ድስትና እንስራ የምትሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ጥበብ የሚሸምን ሰው በብዙ ቦታ ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ቡዳ ይባላል። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። ስለ እርሱ የሚተረኩ ታሪኮች አንድ አምሳል ብቻ አላቸው፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በታሪኩ ውስጥ ስም የለውም፤ ሚስት የለውም፤ የታመመ ልጅ የለውም፤ ወላፈኑ ፊቱን የሚለበልበው መሆኑ አይነገርም። ዓይን ብቻ አለው። ሚስቱ የሠራችው ድስት ይገዛል፤ እርሷ ግን ከማዕድ ትለያለች። እርሱ የሞረደው ማረሻ መሬቱን ይገምሳል፤ ልጁን የሚያገባ ግን አይገኝም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ታወጀ፤ ተረቱ ግን አልቆመም። ለምን? አዋጅ በገበያ ቀን በነጋሪት ይታወጃል፤ ተረት ግን በየማታው በየቤቱ እሳት ዳር ለሕፃን ይነገራል። ልጅ ቀጥቃጩን ሳያየው በፊት ታሪኩን ይሰማል። አድጎ ሲያየው የሚያየው የሰማውን ነው። ተረት ያበላሸውን አዋጅ ብቻውን አያቃናውም። ሌላ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ቀጥቃጩ ስም ያለው፣ የሚሥቅ፣ የሚቆጣ፣ የሚሳሳት፣ ዕዳ ያለበት ሰው ሆኖ የሚታይበት።

የእንጀራ እናትም ነገር ከዚሁ አይርቅም። በተረቱ ውስጥ ሁልጊዜ ክፉ ናት። በየመንደሩ ግን ያልወለዱትን ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ስንት ሴቶች አሉ! እንዲህ ያለችዋ ሴት ልጁን ብትቆጣው «የእንጀራ እናት አይደለች» ይባላል። ወላጅ እናት ብትቆጣው ግን ቀጣችው ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ተረቱ ነው።

አንድ ሊቅ እንዴት እንዳደረገው

በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ዘመኑ 1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ የወጣበት ያው ዓመት ማለት ነው። በውስጡ ያለችው ጦቢያ ቆንጆና ደግ ናት፤ ነውር የላትም። ጠላቱ ጠላት ነው፤ ደጉ ደግ ነው። ታሪኩ ለተረት በጣም ይቀርባል።

ከዚያ 58 ዓመት ቆይቶ በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጡ። ይኸን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ ሰምቶታል። ሐዲስ ከሩቅ አላመጡም፤ የተነሡት ሁላችን ከምናውቃቸው አምሳሎች ነው። ትዕቢተኛ ጌታ አለ፤ ፊታውራሪ መሸሻ። እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ አለ፤ በዛብህ። ከእልፍኝ የማትወጣ የጌታ ልጅ አለች፤ ሰብለ ወንጌል። ገበሬውን የሚያስተባብር ጀግና አለ፤ አበጀ በለው። እብድ የሚባል ብልህ አለ፤ ጉዱ ካሣ። ድሩ ተወጠረ ማለት ነው። አሁን ማጉን እንይ።

ፊታውራሪ መሸሻ በተረት ቢሆን ኖሮ እንደ ጅቡ ቁርበት አንጥፉልኝ ብሎ፣ ተዋርዶ፣ እኛም ስቀን ባበቃ ነበር። በመጽሐፉም ያስቃሉ። ገበሬው አንገዛም ሲላቸው ሊወጉት ዘምተው ይማረካሉ። ነገር ግን ሐዲስ አንድ ነገር ጨመሩ፤ አባትነት። ፊታውራሪ ልጃቸውን ይወዳሉ። ግን ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲመርጡ፣ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ፣ የልጅቱ ዕድሜ ይሄዳል። ትዕቢታቸው ገበሬውን ብቻ ሳይሆን የገዛ ልጃቸውን አሰረ። አሁን ስንስቅባቸው ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ይቆማል።

ጉዱ ካሣስ? እውነቱን የሚናገር እብድ የድሮ አምሳል ነው። በተረት ውስጥ እብዱ አንድ እውነት ተናግሮ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚያድር አንጠይቅም። ሐዲስ ግን ሰውየውን ተከትለውት ሄዱ። ከጌቶች ወገን ሆኖ የጌቶችን ሥርዓት ይነቅፋል፤ የሚሰማው የለም። ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን ነው። ሁለቱን ልጆች ይወዳቸዋል፤ ከሚመጣባቸው ሊያድናቸው ግን አይችልም። እውነቱን ማወቅና ማዳን አለመቻል ምን ያህል እንደሚከብድ በጉዱ ካሣ አየን። ተረቱ የእብዱን ቃል አቆየልን፤ መጽሐፉ ብቸኝነቱን ጨመረልን።

እስቲ አብረን እንሞክር

አሁን አንድ ገጸ ባሕርይ አብረን እንሥራ። ንፉግ እህል ነጋዴ እንውሰድ። ስሙን አቶ ይመር እንበለው። ሲገዛ በትልቅ ቁና ይሰፍራል፤ ሲሸጥ በትንሽ ቁና። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ቤቱ ግን ለእንግዳ አይከፈትም። እስካሁን ያው ጅብ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም ስለምናውቀው ለአንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገንም። የአምሳል ጥቅሙ ይኸ ነው፤ በአንድ መስመር ያስተዋውቀናል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ወይዘሮ ዘነቡ መጣች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ጦም ሊያድሩ ነው። አንድ ቁና ማሽላ አበድረኝ አለችው። ይመር ምን ያደርጋል? ጅብ ከሆነ መልሱ ይታወቃል፤ ያባርራታል። መልሱ ከታወቀ ደግሞ ቀጣዩን ገጽ ማን ይገልጣል?

ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይኸ ሰው ምን ይፈራል? እንበል፣ ይመር የወሎ ሰው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ጊዜ ልጅ ነበር። ታናሽ እኅቱ እህል ፍለጋ በወጡበት መንገድ ላይ በእጁ እንደያዛት አረፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎተራ ሲጎድል እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሊት እየተነሣ ጎተራውን በእጁ ይዳስሳል። ይኸን ለማንም ነግሮ አያውቅም። አሁን ዘነቡ ደጁ ላይ ቆማለች፤ ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛለች። ይመር ምን ያደርጋል?

አየችሁ? አሁን አናውቅም። ይሰጣት ይሆናል፤ ልጅቱን ሲያይ እኅቱ ትዝ ትለዋለችና። ያባርራት ይሆናል፤ ልጅቱን ሲያይ ፍርሃቱ ይብስበታልና። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አምሳል የሚያደርገውን አስቀድሞ ይነግረናል፤ ሰው ግን ያስጠብቀናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ምክንያቱን ነገርን ማለት ጥፋቱን ሠረዝን ማለት አይደለም። የይመር ቁና አሁንም ጎዶሎ ነው። የተሰፈረላትም ሴት አሁንም ተበድላለች። ጸሐፊው የይመርን ሐዘን ሲጽፍ የዘነቡን ረሃብ ከረሳ አንዱን ሰው አድኖ ሌላውን አምሳል አደረገ ማለት ነው። እርሷም ብትሆን «ምስኪኗ ባልቴት» ብቻ ሆና መቅረት የለባትም። ምናልባት ኩሩ ናት፤ ምናልባት ወደ ደጁ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ ተመልሳለች።

ለመጀመር ያህል

በመጨረሻ፣ ደብተራችሁን ስትከፍቱ የሚረዷችሁን አራት ነገሮች እንጠቁማችሁ።

አንደኛ፣ ከምታውቁት አምሳል ተነሡ። ከጅቡ፣ ከጦጣይቱ፣ ከታናሽ ወንድሙ። አያቶቻችን ያቆዩልንን ድር መናቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለሰውየው ሥራ ስጡት። በእጁ ምን ይሠራል? ቀጥቃጭ ከሆነ ወናፉን ማን ይነፋለታል? አራሽ ከሆነ ጥማዱ የራሱ ነው የተዋሰው? ሥራ የሌለው ገጸ ባሕርይ ቶሎ አምሳል ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አምሳሉ የማያውቀውን አንድ ነገር ጨምሩለት። አንድ ይበቃል። ጀግናው የሚፈራው፣ ክፉው የሚወደው፣ እብዱ የሚናፍቀው ነገር ይኑረው።

አራተኛ፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አንብቡት። ከዚያም ይኸን ጠይቁ፤ እንደዚህ ያለ ሰው በመካከላችን ተቀምጦ ቢሰማ ምን ይላል? ሸማኔው ቢሰማ፣ ሸክላ ሠሪዋ ብትሰማ፣ የእንጀራ እናቷ ብትሰማ? «ጥፋቴን ተናገረ፤ እኔን ግን አወቀኝ» የሚል ከሆነ ታሪኩ ሰው አለበት። «ይኸ እኔ አይደለሁም» የሚል ከሆነ ብዕሩን እንደገና አንሡ።

እስከ ዛሬ ስለ ቀጥቃጩና ስለ ሸክላ ሠሪዋ ሲነገር የነበረው ሌላው ሰው ስለ እነርሱ የተናገረው ነው። አሁን የቀጥቃጩ ልጅ ፊደል ቆጥሯል፤ የሸክላ ሠሪዋም ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ትጽፋለች። የሚጽፉትን ለማንበብ እንቸኩላለን።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከሚነገሩ ተረቶች ውስጥ ብልጡ ማን ነው? ሞኙስ? ለምን ይመስላችኋል?

2. ድርና ማግ በዚህ ንግግር ውስጥ ምንን ለማስረዳት ተነሡ?

3. በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ሳለ ስለ ሠራተኞች የሚነገረው ተረት ለምን አልቆመም?

4. ወይዘሮ ዘነቡ ደጁ ላይ ቆማለች። አቶ ይመር ምን አደረገ? ታሪኩን በአንድ ገጽ ጨርሱት፤ ከዚያም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።